የዘሃራ መስታወት

ባለፈው ሳምንት የፎቶ ኤግዚቢሽኔን ሊያይ የመጣ አንድ ወጣት አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ ሰዎቹ የታሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት የጨርቅ ኳስ፣ የሽቦ መኪና፣ ጆሮው የተሰበረ የጣሳ ኩባያ፣ የተበጣጠሰ የፊደል ገበታ ናቸው። የልጅነት ዕቃ እንጂ ልጅ የለም። ለጋዜጠኛ ሲሆን ረቀቅ ያለ መልስ አለኝ፤ እሱን ግን ጥግ ላይ ወደተሰቀለችው አሮጌ ፎቶ ወሰድኩትና እውነቱን ነገርኩት። ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ፣ በአንድ ሽማግሌ «አይሆንም» ነው።

አባቴ ሐይቅ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። መጋረጃው ላይ ባሕርና መርከብ ተስሏል፤ እውነተኛው ሐይቅ ከጀርባችን ተኝቶ፣ ሰው ሁሉ የተሳለው ውሃ ፊት ካልተነሳሁ ይል ነበር። ሴቶች በወንድ መነሳት ስለሚያፍሩ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ካሜራው የእኔም ሆነ። ጉራዬን አትጠይቁኝ።

የክፍል ጓደኛዬ ዘሃራ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመደበች። እኔን እዚያው ለራሳችን አውራጃ፣ ለአምባሰል ነው የመደቡኝ። እናቷ እትዬ ፋጡማ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ልጃቸው እስክትመለስ የሚያዩት ፎቶ። አያቷ ሸህ እንድሪስ ግን፣ «ነፍስ ያለው ነገር ምስል ቤቴ አይገባም» አሉ። ቤቱም የሳቸው ነው። ለፈተና የተነሳችው ጉርድ ፎቶ እንኳ ትምህርት ቤት ቀርቷል።

«ነፍስ የሌለውንስ?» አልኳት ዘሃራን። «ዕቃሽን አንቺን አስመስዬ ደርድሬ ላንሳልሽ።»

አያቷን ጠየቀቻቸው። «ዕቃ ምን ከፋ» አሉ።

መስከረም ነበር። እነዘሃራ ቤት ወዳለበት ወደ አርዲቦ የሚወስደው መንገድ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ካሜራዬን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ደረስኩ። እትዬ ፋጡማ አሳ ጠብሰው ጠበቁኝ። በሥጋ ክርስቲያንና ሙስሊሙ ገበታ ይለያያል፤ አሳ ግን ቢላ ስለማይባረክበት የጋራችን ነበር። ዛሬም ጥብስ አሳ ሲሸተኝ እጄ ካሜራ ይፈልጋል።

ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣን። ቀሚሷን መደገፊያው ላይ አለበስነው፣ ሻሿን ከላይ አሰርን፣ የፕላስቲክ ጫማዋን ከሥር አደረግን። ከልጅነቷ ያልጣለቻቸውን አምስት የቅልብልቦሽ ጠጠሮች መቀመጫው ላይ ደረደርኩ። ላነሳ ስል ሸህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጡ።

«መስታወቷስ?» አሉ። «እሷ ያለ መስታወት ውላ ታውቃለች?»

ራሳቸው አምጥተው መቀመጫው ላይ፣ ከቀሚሱ ጋር አስደገፉት። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። ከዚያ ለዘሃራ በምርኩዛቸው መሬቱን አሳዩዋት።

«አንች ኸዚያ ቁሚ፣ ካሜራው ጎን። ፎቶው ውስጥ እንዳትገቢ።»

«እሽ አብዬ» አለች ሳቋ እያመለጣት። አነሳሁ።

ጉዱን ያየሁት ሳጥብ ነው። ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር መጀመሪያ ቀሚሱ፣ ቀጥሎ ጫማው፣ ጠጠሮቹ ወጡ። መጨረሻ ላይ መስታወቱ ውስጥ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዘሃራ፣ ጥርሷን ከፍታ ስትስቅ። ክው አልኩ። ፎቶ አንሺ ነኝ ባይዋ መስታወት ፊት ያለውን እንደሚያሳይ ረሳች! ሸኹ ቀደው ይጥሉታል፣ እትዬ ፋጡማም በእኔ ጥፋት ባዷቸውን ይቀራሉ። እንደገና እንዳላነሳ ዘሃራ ሄዳለች። ፊቷን ልፍቅ ብዬ ምላጭ አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እንዳለ ወሰድኩት። እትዬ ፋጡማ ሲያዩት በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሸህ እንድሪስ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አወጡና ብዙ ቆዩ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ወንበር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቀሚስ ነው። መስታወት ነው። ነፍስ ያለው ነገር ካሜራሽ ፊት ቁሞ ነበር?»

«ኧረ አልቆመም፣ አባባ።»

«እንግዲያማ ስቀሉት። ዝቅ አርጋችሁ፣ ተቀምጨ እንዳየው።»

እትዬ ፋጡማ ስቀውም አልቅሰውም አላባሩ። ዕቃ ማንሳት ያን ቀን ለመደብኝ፤ ይኸው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ወጣቱ እየሳቀ ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ዘሃራ ራሷ ከደሴ መጣች፤ ከዚያ ዘመቻ ወዲህ አስተማሪ ሆና ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ፎቶው ፊት ቆመን ያቺን ስህተቴን ሳነሳላት አፍጥጣ አየችኝ።

«የምን ስህተት? እማዬ ሳትሞት ነግራኛለች እኮ! አንች የምትመጭ ለት ጧት፣ አብዬ እሷን ግቢው ውስጥ አቁሞ፣ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያለ መስታወቱን ሲያዞር ነው ያረፈደው። ፊቷ እስኪታየው ድረስ፣ ወላሂ!»

ከአርባ ዓመት በላይ ሸኹን ያታለልኩ መስሎኝ ነበር። ከፎቶው ሥር «ፎቶ አንሺ» ተብሎ የተጻፈበትን ካርድ አወረድኩና ስሜን ሰረዝኩ። የሳቸውን ልጽፍ ስል ዘሃራ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ፊት አታጋልጭው» አለችኝ።

ካርዷን ያለ ስም መልሼ ለጠፍኳት። እዚህ ግን መጻፌ አልቀረም፤ ሸህ እንድሪስ ይቅር ይበሉኝ።