መቅደሱ ወዴት ይዙር?

ጋሽ ጉግሳ ኤርፖርት ውስጥ ዕቃ ይጭናሉ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ በእረፍት ሰዓታቸው ግን መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው ስለ ጥንት የእንግሊዝ መንደር ቤተ ክርስቲያኖች ያነባሉ። ያስጀመራቸው በስደት በምንኖርበት ከተማ አጥቢያችን ሌክ ሃይላንድስ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ከአንግሊካኖች፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች፣ የገዛው ሕንጻ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የሞላው የአንድ የእንግሊዝ መንደር ቤተ ክርስቲያን አምሳያ ነው፤ ግንቡ ወፍራም፣ ቅስቱ ሾጣጣ፣ ካህናቱን ከሕዝቡ የሚለይ የእንጨት ግርዶሽ ያለው።

"እነሱም እኮ ድሮ እንደኛ መቅደሱን ይጋርዱ ነበር" ይሉናል፣ ዘመድ ያገኙ ያህል ደስ ብሏቸው።

የመቅደሱን ንድፍ ግን የአጥቢያው ኮሚቴ ከዋይሊ ከተማ ለሚመጣው አርክቴክት ለታዲዮስ ሰጠ። ጋሽ ጉግሳን የጠየቃቸው የለም። ታዲዮስ የሕንጻውን ፕላን ዘርግቶ፣ "ይኸው፣ የምሥራቅ መስኮት ይላል። መቅደሱ ከሥሩ ይሁን" ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ያነበቡትን ያውቃሉ። አንግሊካኖች ሕንጻው ወዴትም ይዙር የመሠዊያውን ጎን "ምሥራቅ" ነው የሚሉት። ቅዳሜ ማታ ሕንጻውን ሲያጸዱም ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያው መስኮት በኩል ነው። ቢሆንም ዝም አሉ። ሠርቶ ይጨርስና ይፈር አሉ በልባቸው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አናጢዎቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀር እማማ ወለተጊዮርጊስ ለጸሎት መጡ።

"ጉግሳ፣ ምሥራቅ ወዴት ነው ልጄ?"

ጋሽ ጉግሳ ለእማማ መዋሸት አቃታቸው። ክንዳቸውን ይዘው ወደ ዋናው በር አዞሯቸው። እዚያው ሲለካ የነበረው ታዲዮስ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ።

"እንዴ ጋሼ፣ እማማን ውጡ ነው የሚሏቸው?"

"ምሥራቁ በዚህ ነው።"

ታዲዮስ ስልኩን አውጥቶ አቅጣጫውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። "መቼ አወቁ?"

"ከሦስት ሳምንት በፊት።"

"ሶ፣ ዝም ብለው ያዩኛል?"

"ቀንቼብህ ነው ታዲዮስ። እንድታፍር ፈልጌ።"

ታዲዮስ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሜትሩን ወደ ዋናው በር ዘረጋ። ከዚያ፣ "ኦኬ፣ መቅደሱ ወደዚህ ከመጣ ሕዝቡ በየት ይግባ?" አለ።

"በጎን በር። የእንግሊዝ መንደሮች ሰዎችም የሚገቡት በጎን በር ነበር። ግርዶሹንም ነቅለን እዚህ እናቆመዋለን።"

ወለሉ ላይ ተንበርክከው አብረው ለኩ።

በምረቃው ቀን የክብር ካባው የተደረበው ለታዲዮስ ነው። ጋሽ ጉግሳ ከኋላ ቆመው አጨበጨቡ። "ዛሬም ትንሽ ቆጥቁጦኛል" አሉኝ ሳቅ ብለው። "ግን እግዜር ለቅናቴ አሳልፎ አልሰጠኝም። ተመስገን።"