ዝናብ ያሰሩት እትዬ ይመኙሻል

እትዬ ይመኙሻልን በመልካቸው የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። በድምፃቸው ግን ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት፣ ከዚያም አልፎ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ የማያውቃቸው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ሦስተኛውን መደርደሪያ ያለ በርጩማ የማይደርሱ ትንሽ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ግን ለሌላ ሰው ተሰፍቶ በስሕተት ለእሳቸው የተሰጠ ይመስል ሰፊና ሞቃት ነው። ባለጉዳይ "ፋይልዎ ጠፍቷል" ሲሉት እንኳ ተጽናንቶ ይሄድ ነበር ይባላል።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚተላለፍ የግማሽ ሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመረች፤ አቅራቢዋም እሳቸው ሆኑ። ቃለ እግዚአብሔር ያነባሉ፣ ከየገጠሩ የመጣ ደብዳቤ ያነባሉ፣ በመጨረሻም ይጸልያሉ። አያታቸው ከሰሜን ለሹመት የመጡ ቢሆኑም እሳቸው ያደጉት ከካፋ ልጆች ጋር ስለሆነ ፕሮግራሙን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በካፊኖኖ ያቀርባሉ። ሆድ ሲብሳቸውና ሲናደዱ ግን ካፊኖኖው ይቀድማል።

ለሚያደምጡት መንደሮች ቤተ ክርስቲያኒቱ አንዳንድ ሬዲዮ ሰጥታለች። እያንዳንዱ መንደር አድማጭ ቡድን አለው፤ ቡድኑም ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ አለው። ከእነዚህ ቡድኖች የሚመጡትን ደብዳቤዎች እትዬ ይመኙሻል አንድ ጊዜ ለሬዲዮ፣ ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ያነባሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቤታቸው ከደብዳቤዎቹ ሌላ የሚያናግራቸው ብዙ አልነበረም።

ድምፅ የሚቀዳው በእሳቸው ጓዳ ነው። ግድግዳው በፍራሽና በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው፤ የቦንጋ ዝናብ ደግሞ በጋ ክረምት አይልም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የእሳቸው ድምፅ እንኳ ይዋጣል። መላ የፈጠረው እስክንድር ነበር። እስክንድር ከደሴ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ሲሆን ቀረጻውን በላፕቶፑ የሚያቀናብረው እሱ ነው። ጆሮው የተሳለ ነው፤ ካፊኖኖው ግን ከሰላምታ አያልፍም። እሱ እንዳለው እትዬ ይመኙሻል ዝናብ ሲመጣ ቁምሳጥናቸው ውስጥ ይገባሉ፤ ልብሱን ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርገው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሩን በራሳቸው ላይ ይዘጋሉ። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ስፋት የተናገሩት ብዙው ነገር የተነገረው እዚያ ውስጥ ተኮራምተው ነው።

በጥር መጨረሻ እስክንድር ለሥልጠና የሚሄድበት ቀን ስለ ደረሰ ሦስት ፕሮግራም በሁለት ቀን መቀዳት ነበረበት። ዝናቡ ሁለቱንም ቀን አላባራም። የሦስተኛው ፕሮግራም የመዝጊያ ጸሎት ከቁምሳጥኑ ውጭ ተቀድቶ ስለ ነበር ተበላሸ፤ እትዬ ይመኙሻል እንደገና ሊጸልዩ ገቡ። ጉልበታቸው ደንዝዟል፤ የሟች ባላቸው ካፖርት እጅጌ ፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል። ትዕግሥታቸው አለቀ። መቅጃው ገና ያልተከፈተ መስሏቸው በካፊኖኖ፣ ከልባቸው፣ እንባ እየተናነቃቸው ለመኑ፤ ጌታ ሆይ ይህን ዝናብ ያዝልን፣ ሰማዩን ቆልፍልን፣ ሥራችንን እስክንጨርስ አንዲት ጠብታ አትውረድ፣ አሜን። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ዋናውን ጸሎት ቀጠሉ።

እስክንድር ሌሊቱኑ መኪና ይጠብቀው ስለ ነበር ተጣድፎ አቀናበረ። ሁለት ጸሎት አገኘ። አንዱ ረጋ ያለ ነው፤ ሌላው ግን አጭር፣ የጠራ፣ እንባ ያለበት፣ በአሜን የሚያበቃ። በእሱ ጆሮ ከዚያ የበለጠ ጸሎት ተቀድቶ አያውቅም። እሱኑ መዝጊያ አደረገው። እትዬ ይመኙሻል ደግሞ የራሳቸውን ፕሮግራም አያደምጡም፤ የራስን ድምፅ መስማት በገዛ ቤት እንግዳ ሆኖ ማጀት እንደ መግባት ነው፣ ያፈሩበታል።

ፕሮግራሙ የተላለፈው በየካቲት አጋማሽ ነበር። ከቢታ ገነት ወዲያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ባለች መንደር አርባ ሦስት አድማጮች በቡድኑ ሊቀ መንበር በተስፋሁን ቤት ተሰብስበዋል። ተስፋሁን ቡና አልሚ ነው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎም ይሰቅላል። የዚያን ሰሞን ቡናው እንቡጥ ይዞ አንድ ዝናብ ብቻ ይጠብቃል፤ ካገኘ ይፈነዳል፣ ካጣ ይረግፋል። ሳምንቱን ሙሉ ሲጸልዩ ሰንብተው እትዬ ይመኙሻል እንዲያግዟቸው ጓጉተዋል። ሬዲዮውም ሰማዩን ቆልፍልን፣ አንዲት ጠብታ አትውረድ አለ። አርባ ሦስቱም እንደ ልማዳቸው አሜን አሉ፤ እርስ በርስ የተያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አሜኑን መመለስ አልተቻለም።

ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ለእትዬ ይመኙሻል ደብዳቤ ደረሰ።

"ለተከበሩ እትዬ ይመኙሻል፤ ያደረጉት ጸሎት መሰማቱን በአክብሮት እንገልጻለን። እኛም ሳናስተውል አሜን ብለናል። የቆለፈ ካልሆነ ሌላ ሰው ሊከፍት እንደማይችል ሽማግሌዎች ስላስረዱ በአካል ተገኝተው እንዲከፍቱልን፣ እስከዚያው ሬዲዮው በሳጥን ተቆልፎ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።"

መጀመሪያ ሳቁ። ሬዲዮው ይቆለፍ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ጠፋባቸው። በዚያ ቤት የተስፋሁን ታላቅ እህት የምሥራች አለች፤ እግሯ ከከዳት አራት ዓመቷ ነው። ከአልጋዋ ሆና በወንድሟ እጅ የምታስጽፈው ደብዳቤ በየወሩ ይመጣል፤ እሳቸውም ለእሷ ያልጸለዩበት ሐሙስ የለም። ሬዲዮው ሲቆለፍ ወደ እሷ የሚገባው በር ነው የተቆለፈው።

እስክንድር ተጠርቶ መጣ። ቅጂውን ከፍተው፣ የጸለዩትን በአማርኛ ሲነግሩት ፊቱ አመድ መሰለ። ይቅርታ ጠይቆ ሲያበቃ መፍትሔ አቀረበ፤ ዝናብ በነፋስና በእርጥበት እንደሚመጣ እንደሚቀር በአንድ ገጽ ጽፎ መላክ ነው፣ አለ።

"ነፋስ ነው ካልኳቸው፣ ለየምሥራች የጸለይኩትስ ምን ነበር ይሉኛል?" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "ቁልፉ እኔ ጋ ነው ካልኩ ደግሞ ዋሸሁ።"

መልስ ሳያገኙ ቅዳሜ ጠዋት አብረው ተነሡ። ዋጫ ላይ መኪና ቀየሩ። ቢታ ገነት ሊገቡ ሲሉ እሳቸው ሾፌሩን መስኮቱን ዝጋልኝ፣ አቧራው ገደለኝ ቢሉት የተሳፋሪው አንገት ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ድምፁ ታውቋል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ አቧራውን ማን እንዳመጣው ያውቁ የለ ወይ፣ ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ።

መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ድምፁን የሚመጥን ግዙፍ ሴት ይጠብቁ ስለ ነበር፣ እሳቸው ከገቡ በኋላም ገና ሌላ ሰው ከኋላቸው የሚመጣ መስሏቸው ወደ በሩ ያዩ ነበር። ማር ቀረበ፣ ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ፣ እሳቸውም ተነሥተው ሁሉንም ተናዘዙ። ስለ ቀረጻው፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ እስክንድር ሥልጠና፣ ስለ ቁምሳጥኑ።

ተስፋሁን ግራ ገባው። ጸሐፊው ቁምሳጥን የሚለውን ይጻፍ አይጻፍ ብሎ ዓይን ዓይኑን ያያል።

"እኔ አንዲት ነኝ፤ እናንተ አርባ ሦስት ናችሁ" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "በዚያው ሳምንት ዝናብ ስጠን ብላችሁ ጸልያችኋል። እግዚአብሔር አርባ ሦስታችሁን ትቶ እኔን ብቻ የሚሰማበት ምክንያት ምንድን ነው?"

"ማይክሮፎኑ እርስዎ ጋ ነበራ" አለ ተስፋሁን።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እስክንድር ስለ ነፋስ ሊያስረዳ ተነሣ፤ ጸሎቱን ፕሮግራሙ ላይ ያስገባው እሱ መሆኑን ሲጠይቁት ግን ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ፣ አምና የጠፋ በሬያቸው እትዬ ይመኙሻል በጸለዩ በሦስተኛው ቀን መገኘቱን አስታወሱ፤ በሬ ያስመለሰ አፍ ዝናብ ማሰር አያቅተውም ማለታቸው ነው። እትዬ ይመኙሻል በሬውን መካድም ማመንም አቃታቸው።

ያን ጊዜ ከውስጥ፣ በሩ ከተከፈተው ክፍል፣ የሴት ድምፅ መጣ።

"ተስፋሁን፣ የእኔንም ቃል አስጽፍልኝ።"

የምሥራች ነበረች።

"አራት ዓመት ጸልየውልኛል። ተነሣሁ?"

ጸሐፊው ጥያቄውን ጻፈ።

"አልተነሣሁም። ጸሎታቸው አልሠራም፣ ሬዲዮው ይዘጋ ብዬ አውቃለሁ? ሐሙስ ሐሙስ ስሜን ይጠራሉ፤ እኔም አቤት እላለሁ። ሳምንቱን የምገፋው በዚያች አቤት ነው። የዝናቡን ነገር ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ የእኔን ግን መልሱልኝ።"

ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈ። እትዬ ይመኙሻልን ያ አገር ያወቀው ድምፅ ቢጠሩት ቢጠሩት አልመጣ አላቸው። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የምሥራች እጃቸውን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ እኔስ ትልቅ ሴት ነበር የመሰሉኝ፣ አለች።

ውጭ ድምፅ ተሰጠ። ሬዲዮው እንዲከፈት ተወሰነ፤ ወደፊት ስለ ዝናብ የሚደረግ ጸሎት አስቀድሞ ለቡድኑ እንዲቀርብ፣ በካፊኖኖ የተጸለየውም ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ሳይታይ እንዳይተላለፍ ተወሰነ። እስክንድር በመጨረሻው አንቀጽ ሥር እንዲፈርም ተደረገ።

ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቁልፉ ተጫነ፣ ሬዲዮው ግን ድምፅ አላወጣም። ለካ በፀሐይ የሚሞላ ሬዲዮ ነው፤ ከተቆለፈበት ቀን ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ከርሟል። አውጥተው ቡና የሚያደርቁበት የሽቦ አልጋ ላይ አስቀመጡትና ከበው ቆሙ። ገና ቀይ መብራቱ ብልጭ ከማለቱ ከምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ብቅ አለ።

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ደመናውን በዓይኑ ይጎትታል፤ ሬዲዮ የናፈቀው ገሚሱ ትንሽ እንኳ ቢቆይ ምናለ ይላል። ክርክሩ ሲጠና ሁሉም ዞረው በመስኮቱ በኩል እትዬ ይመኙሻልን አዩ። እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ጣሪያውን ተመለከቱ፤ ስለ ዝናብ ሳያስፈቅዱ አይጸለይ ያለው ውሳኔ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"ሐሙስ ገና ነው" አለች የምሥራች ከአልጋዋ ላይ ሆና። "ይዝነብ። ሬዲዮው እስኪሞላ እሳቸው እዚሁ አሉ።"

ተስፋሁን ሬዲዮውን አንሥቶ በጋቢው ጠቀለለውና ወደ ቤት ሮጠ። ሌሎቹም ተከትለውት ገቡ፤ ክፍሉ ሞልቶ የተረፈው በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ይመኙሻል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መቅጃ የለም፣ ላፕቶፕ የለም፣ የሚቆርጥ የሚቀጥል ሰው የለም። ከዚያም ደኅና አመሻችሁ አሉ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ማንም አላረማቸውም።