አፈሩ ሳይበላ

አያቴ አፈሩ ሳይበላ ምሳ አይቀምሱም ነበር። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሶ ሁለታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንገባ፣ ከዕቃው ሁሉ በፊት ያስወጡት የጓሯቸውን አፈር ነው። በረንዳው ላይ በየባልዲው ሞልተው ጎመን ተከሉበት። ጎረቤቶቻችን የድንችና የካሮት ልጣጭ በፌስታል አድርገው የበራችን እጀታ ላይ ያንጠለጥሉላቸዋል።

እውነት ለመናገር ያናድደኝ ነበር። ምሳ አቅርቤ፣ “አባባ፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ” እላቸዋለሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ልጣጩን በጣታቸው እየቀበሩ፣ “ቆይ ልጄ፤ የተራበ አፈር ያበቀለው ጎመን ሆድ ይሞላል እንጂ አቅም አይሆንም” ይሉኛል። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ይመጡና፣ “በይ አሁን እንብላ” ይላሉ።

አርባቸው በወጣ ማግስት በሩ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የሦስተኛ ፎቋ እማማ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። “እጄ ለምዶ ነው ልጄ፤ ጣይው” አሉኝ ቀስ ብለው።

አልጣልኩትም። የደረቀውን አፈር ውሃ አጠጥቼ ልጣጩን እንደ እሳቸው በጣቴ ቀበርኩት። እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን አቅርቤ ተቀመጥኩ።

አፈሩ በልቷል። ወጡ ግን እፊቴ እንዳለ ቀዘቀዘ፤ “በይ አሁን እንብላ” የሚለኝ አጣሁ።