መምህሩ ጎመን የበላ ዕለት

ጎንደር ከተማ በአፈሳ ተይዤ የተጣልኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የላብና የጤፍ አቧራ ሽታ ተቀበለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ፣ ከወዲያኛው ግድግዳ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ከአብዮቱ በፊት ውጭ አገር ሄዶ ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት የሳይንስ መምህር ነው። ያሳሰረውን፣ ቤቱ የተገኘውን የተከለከለ ወረቀት ያደረስኩለት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ጆሮ ጠቢ ስለማይጠፋ እንደማንተዋወቅ ሆንን።

ምርመራ ላይ ዘቅዝቀው ከገረፉት ወዲህ ቫልቩ ከቦታው ላልቷል። ራሱ ነው ያስረዳን፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ተረጋግቶ። «በሩ ከመቃኑ ተነቅሏል፤ ደሙ በጎን እያፈሰ ወደ ኋላ ይመለሳል» አለ። ወራት እያለፉ ሲሄዱ እግሩ አበጠ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አቃተው። ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚያንቀላፋው።

ባለቤቱ ደም የሚያቀጥን ክኒን ታስገባለት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ከየቤቱ በሚመጣልን ስንቅ ጎመን በዛ። በእኛ ክፍል ምግብ ሁሉ ተደባልቆ በአንድ ትሪ ይበላል፤ ከማዕዱ ያፈገፈገ ሰው እንዳኮረፈ ይቆጠራል። መምህሩ ጎመን አይነካም። ከድብ ባሕር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው። ነገሩ ከነከናቸው።

«ምነው መምህር፣ የኛ ጎመን አስጠላህ?»

«ኧረ አያ፣ ጎመን የክኒኑን ኃይል ይሰብረዋል። ደሜ ከወፈረ ቫልቩ ላይ ይረጋል።»

«ደም ይወፍር እንጂ! እንዴት ያለ ሐኪም ነው ደም የሚያቀጥን?»

ሳቅን። አያ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመምህሩ በኩል ያለውን ጎመን እየለቀሙ ወደ ራሳቸው ይወስዱ፣ ሽሮውን ወደሱ ይገፉለት ነበር።

አንድ ጠዋት መምህሩ ተጠራ። ደግፈን በሩ ድረስ አደረስነው። ፈራሁ፤ ለሱም ለራሴም።

የመለሱት ምሳ ቀርቦ ሳለ ነው። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅነው።

«ሆስፒታል ሊልኩኝ መኪና አቁመው ነበር» አለ። «ወረቀቱን ያመጣልህን ሰው ስም ብቻ ንገረን አሉኝ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እህ፣ ምን አልካቸው?» አሉ አያ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ተማሪ በዝቶብኝ፣ ስም አልይዝም አልኳቸው።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ወደ ትሪው ጠጋ አለ።

«አያ፣ ዛሬስ ከጎመኑ ያጉርሱኝ።»

የአያ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። «ክኒኑስ መምህር?»

«ወስደውብኛል። ከእንግዲህ አይሰጡኝም። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልብላ።»

አያ ጎመን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱት። ቀስ ብሎ አላመጠ። «ሸጋ ነው» አለ፣ በሳቸው አነጋገር። ወደ እኔ አንዴም ዞር አላለም። እኔ መጉረስ አቃተኝ፤ እንዲያ ወድጄው የማውቀው ሰው የለም፣ እንዲያ ያፈርኩበትም ቀን የለም።

ለፋሲካ አልደረሰም።

አሁን ዕድሜዬ ከሱ የያኔ ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። ለደም ግፊቴ ክትትል ሐኪም ቤት እመላለሳለሁ። ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብላ ስትጠራ ቶሎ አልነሳም። አጠገቤ የተቀመጡት ጆሮዬ የደከመ ይመስላቸዋል። ደግማ እስክትጠራኝ እጠብቃለሁ።