የልጄ ደም የታየ ቀን

ትናንት ተከራዬ መሠረት ከመቱ ጤና ጣቢያ እየተነጫነጨች ተመለሰች። ሆዷ ገፍቷል፤ ጣቷ ላይ ጥጥ ይዛለች።

«እትዬ፣ ምንም ሳያተኩሰኝ ለወባ ብለው ይወጉኛል?»

«ዝም ብለሽ ተወጊ!» ብዬ ጮኽኩባት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ለካ ያ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ገና ልጅ ሳለሁ ነው ባሌን ተከትዬ ከሸዋ መጥቼ እዚህ መቱ አጠገብ ቡሬ የገባሁት። እሱ ሾፌር ነበር፤ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ከወረደ ሳምንትም ወርም ይቀራል። ያኔ እንደ ዛሬው በየኪሱ ስልክ የለ። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ አያውቅም፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። እኔ የተቀቀለ ጎደሬ ይዤ መስኮት ሥር ቁጭ ነው። ጎደሬ እስከ ዛሬ አልወድም፤ ያን ብቸኝነቴን የቀመስኩ ይመስለኛል። ኦሮምኛ አልችልም ነበር። የማውቃት ቃል «ሂን ጂሩ» ብቻ ናት፤ «የለም» ማለት ነው። ሰው ባሌን ፈልጎ በር ሲያንኳኳ እሷን ብዬ እዘጋለሁ።

መውለጃዬ ሲቃረብ ለምርመራ ብሄድ ደሜን አዩና ወባ አለብሽ አሉኝ። ትኩሳት የለኝ፣ ብርድ ብርድ አይለኝ! ብቻ መድኃኒቱን ዋጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤውን መሀሉ ላይ አፍስሰው አበሉኝ። ደስታው ግን አልከረመም፤ ልጁ ጡት እምቢ አለ፣ ገላው እሳት ሆነ።

አራስ ከቤት አትወጣም፤ ያውም ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ይዛ! የሚከለክለኝ ዘመድ አጠገቤ ቢኖር ይከለክለኝ ነበር። አዴ ጫልቱ ጃንጥላ ይዘውልኝ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ «የእናት ወባ ወደ ልጅ ሊያልፍ ይችላል፤ የሱም ደም ይታይ» ብላ ተረከዙን ወጋችው። ከዚያ ትኩሳቱን በእርጥብ ጨርቅ ልታበርድለት ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረሁ፤ ጡቴ ቀሚሴን ያርሰዋል።

ትንሽ ቆይቶ የላቦራቶሪው ልጅ አንገቱን በመስኮት አወጣና ለነርሷ ጮኾ ነገራት።

«ሂን ጂሩ!»

ያቺን ቃል እንኳ ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልገኝም! ልጅሽ የለም ያለኝ መሰለኝ። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ነርሷ ልጁን እንዳቀፈች ሮጣ ወጣች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? የሌለው ወባው ነው! ልጅሽማ ይኸው፣ አለ!»

አዴ ጫልቱ ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ትኩሳቱ ከሌላ ነገር ነው ብለው መርፌ ጀመሩለት፤ አመሻሹ ላይ ጡቴን ያዘ። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሆዴ ባባ። ልጄ ሊሞት ነበር፣ ልጄ ዳነ፤ ይህን ሁሉ ለማን ልንገር? አባቱ መወለዱን እንኳ አልሰማም። እንደዚያች ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ባሌ ካረፈ ቆየ። ልጄ አዳማ ይሠራል፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። እሁድ እሁድ ይደውላል። ገና ስልኩን ሳነሳ «አለህ?» እለዋለሁ።

«የሌለ ሰው ይደውላል እንዴ፣ እማዬ?» እያለ ይስቅብኛል።

ይሳቅ። ምክንያቱን ነግሬው አላውቅም። «አለሁ» እስኪለኝ ድረስ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ።