ከጀልባዋ ሆድ የወጣው ውሃ

ብሪዮኒ ታስከር በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሰው ማመን አቆመች።

እኛ በምንኖርበት በታዝማኒያ ደቡብ፣ በሳይግኔት የባሕር ወሽመጥ ዳር ያደገ ልጅ ብስክሌት ሳይለምድ ጀልባ ይለምዳል። ብሪዮኒም እንደዚያው ናት። አባቷ ዴስ በሳልሞን ዓሣ እርባታ ጣቢያ መረብ ይጠግናል፤ ብቻውን ነው ያሳደጋት። አንድ ሰው የሚይዝ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝቶ፣ በእጁ አድሶ ሰጣት። እኔ የክለባችንን የነፍስ አድን ጀልባ ስለምነዳ፣ ልጅቷን ስትገለበጥም ስታሸንፍም ከቅርብ አይቻታለሁ።

በጥር ሆባርት ላይ በተደረገው የወጣቶች የሸራ ጀልባ ሻምፒዮና እስከ መጨረሻው ቀን ሁለተኛ ነበረች። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት አውሮፓ ሄደው ይወዳደራሉ። በመጨረሻው ቀን ግን ጀልባዋ እንደ እርጉዝ ላም ከበዳት። አንዱ አለፋት፣ ሌላው አለፋት፤ ዘጠነኛ ሆና ጨረሰች። ሦስተኛዋን ቦታ የወሰደችው ኔሪዳ ናት፤ የፖም ገበሬዎቹ ልጅ፣ የብሪዮኒ አብሮ አደግ።

ዳር ወጥተን ከጀልባዋ ኋላ ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ውታፍ ስንፈታው ውሃው ተንዠቀዠቀ። ብሪዮኒ ቆማ አየችው፤ አላለቀሰችም።

«አክስት ሜቭ፣ ጠዋት ኔሪዳ እዚች ጋ አጎንብሳ ነበር» አለችኝ በዝግታ።

«ምን ስታደርግ?»

«እኔ እንጃ። ሳያት ቀና ብላ ሳቅ አለች።»

ዴስ ሰምቶ ኖሮ፣ «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» አለ።

«ለዳኞቹ ንገሪያቸዋ» አልኳት።

«ምን ብዬ? ሳቀች ብዬ?»

እውነቷን ነው፤ በሳቅ ማንም አይከሰስም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ዳኛ ሳይሆን ወደ ሆዷ ገባ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ስትመጣ ውታፉን ፈታ ኪሷ ትከታለች፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዛው ነው የምትገባው። ገመዶቿን ትቆጥራለች። ሁለት ልጆች ጥግ ይዘው ከተሳሳቁ የሚሳቀው በእሷ ነው። አሰልጣኙ ኔሪዳን «ጎበዝ» ካላት፣ እሱም አለበት ማለት ነው። እኔንም አንድ ቀን ጀልባዋን ከተጎታቹ ላይ ላወርድላት ብጠጋ፣ እጄን እጄን ስታይ ያዝኳት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከባሕር የማወጣትን ልጅ። ተናደድኩ፤ ደግሞ አሳዘነችኝ።

በመጋቢት፣ በፖም ለቀማ ጊዜ፣ ኔሪዳ አንድ ከረጢት ፖም ይዛ ቤታቸው መጣች። ብሪዮኒ በሩን በግማሽ ከፍታ ተቀበለቻትና ዘጋችው።

«ምን በደለችሽ አሁን?» አልኳት፤ እዚያው ነበርኩ።

«እስካሁን ፖም አምጥታልኝ አታውቅም። ዘንድሮ ምን ተገኘ? ሕሊናዋ ቆርቁሯት ነው።»

ዴስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ፖሙን የበላሁት እኔ ነኝ።

እውነት ለመናገር፣ ከፖሙ ጋር ጥርጣሬውንም ይዤ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ኔሪዳ ትንሽ እያለች በጨዋታ ታጭበረብር እንደነበር ትዝ አለኝ። የትኛው ልጅ አያጭበረብርም? ግን ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ የማይረባውን ሁሉ ከየጓዳው ይለቅማል።

በግንቦት ብሪዮኒ ጀልባውን ሽጡልኝ አለች፤ በቃኝ። ዴስ አልተከራከራትም። እኔ ግን፣ «ከመሸጥህ በፊት የሸራው ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሙላና እይ። ገዢው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው» አልኩት።

ግቢያቸው ውስጥ በጆግ ሞላነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ውሃው መጀመሪያ ረጋ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደና የጉድጓዱ ወለል ታየ። ወለሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ያን ቀን ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃው የገባው በዚያ ነው እንጂ በውታፉ አይደለም።

ዴስ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ ያደስኳት» አለ። ብሪዮኒ ግን ጃኬቷን አንስታ ወጣች።

ኔሪዳን ያገኘቻት ፖም ማጠቢያው ጋ ነው። የተባባሉትን በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ጀልባዬ ጋ ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት።

«ውታፍሽ ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩልሽ። እስከዛሬ በዚህ ነው የምታኮርፊኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልክ ላይ ነበርሽ። ኋላ ረሳሁት። ደግሞ ውታፍ ማጥበቅ ምን ወሬ አለው? ሽንት ቤት ይዘሽው ስትገቢ ነው የገባኝ። ሌባ መሰልኩሽ አይደል?»

ብሪዮኒ ስለ ስንጥቁ ነገረቻት። ኔሪዳ እጇን በሱሪዋ እያደረቀች አዳመጠቻትና፣ «ቢሆንም የጣለሽ ውሃው ብቻ አይደለም» አለች። «ሁላችንም ወደ ባሕሩ መሃል ስንወጣ አንቺ ዳሩን ይዘሽ ቀረሽ። መሃሉ ጠቁሮ ነፋሱ ሲመጣ ይታይ ነበር። ጮኼልሽ ነበር።»

ብሪዮኒ መጀመሪያ ያሰበችው «ይህን የምትለኝ ለማብሸቅ ነው» ብላ ነው። በእግሯ ወደ ቤት ስትመለስ ግን ያ ቀን እንደገና መጣባት፤ የጠቆረው ውሃ፣ አይታ የናቀችው፣ እሷ ዳሩን ይዛ የቀረችበት ጊዜ። ጩኸቱንም ሰምታዋለች። ላሳስታት ነው የምትጮኸው ብላ ነበር።

«ያኔም አላምናትም ነበር ማለት ነው» አለችኝ። «ውሃው ሳይወጣ በፊት።»

 

ጀልባው አልተሸጠም። ስንጥቁን ዴስ ሳይሆን እሷ ራሷ ሞላችው፤ እሱ ቆሞ ብርጭቆ ወረቀት አቀበላት። ከኔሪዳ ጋር ግን ወዲያው አልታረቁም። ሰላምታ ነበር፣ ቁምነገር አልነበረም። ብሪዮኒ የጠየቀቻትን ይቅርታ ኔሪዳ ብትቀበልም፣ ብሪዮኒ ባለችበት ዕቃዋን ሰብሰብ ታደርግ ጀመር። ጥርጣሬ እንዲህ ከቤት ቤት ይዛወራል።

በሐምሌ ኔሪዳ አውሮፓ ሄዳ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ገባች። ከዚያ ሆና የደወለችው ለእናቷ ሳይሆን ለብሪዮኒ ነው። ዴስ እንደነገረኝ ብሪዮኒ ስልኩን ይዛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች፤ «እሺ… ከዛስ?» ትላለች፣ ታዳምጣለች። ራቷ ቀዘቀዘ። ዴስ መልሶ አሞቀላት።