ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

እሰይ! የምሥራች! ቤቱ ሳይገዛ ቀረ! ውሉ ተቀደደ፣ ደላላው ስልኩን ዘግቶ ሄደ፣ ሻጩም ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማይ ምድሩን ሲረግም ዋለ። ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ወሬ ከየት ይመጣል?

«ቤት ሳይገዙ መቅረት ምኑ ነው የምሥራቹ?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። የምሥራቹ ባለቤት አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ያዳናት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ ግን ይህን በአፏ አትለውም፤ እንዲያውም ስሙ ሲነሳ ጨርቁ የጠላት ዓይን ይመስል መርፌዋን ትሰካበታለች።

ወንድሟን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «አፍራሹ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት ደላሎች ናቸው። በዕድሜው አንዲት አጥር እንኳ አፍርሶ አያውቅም፤ የሚያፈርሰው ሽያጭ ነው። ሰላሳ ዓመት ግድግዳ ሲለስን ኖሮ፣ ጉልበቱ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ መዋል ሲያቅተው፣ ሰዎች ሊገዙ ያሰቡትን ቤት ከመፈረማቸው በፊት መመርመር ጀመረ። ቱንቢውን፣ ውሃ ልኩን፣ ባትሪውንና ትንሿን መዶሻውን በሸራ ቦርሳ ይዞ ይገባና ግማሽ ቀን አይወጣም። ኮርኒስ ውስጥ ጭንቅላቱን ከቶ እንጨቱ መበስበስ አለመበስበሱን ያያል። ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪው አሁንም የሚዞር እንደሆነ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። በሩን ሁሉ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ግድግዳውን እንደ በሽተኛ ሆድ በመዳፉ ይዳስሰዋል። ሲጨርስ የሚናገረው ነገር ሻጩን ያሳብዳል፣ ገዢውንም ያስኮርፋል። ልቡ የተነሳለትን ቤት የሚያጠለሽበትን ሰው ማን ይወዳል?

እህቱ ደግሞ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ቤት ተከራይታ፣ ከስድስቱም «ማሽንሽ አላስተኛን አለ» እየተባለች ዕቃዋን ያሸከሟት ሴት ናት። ባሏ የታክሲ ሹፌር ነው። በስንት ልፋት ሦስት ክፍል ያለው ቤት በደላላ አገኙ። የኋለኛው መኝታ ቤት መስኮት የጠዋት ፀሐይ ያስገባል። እሷም ቤቱን ባየች በማግስቱ ሜትሯን ይዛ ተመልሳ የስፌት ማሽኗ የሚቆምበትን ቦታ ከመስኮቱ ሥር ለክታ ሄደች። ማሽኗን እንደ ልቧ የምትረግጥበት፣ ማንም ውጪ የማይላት ክፍል! ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ፊርማው ሐሙስ ነው ተባለ። እሑድ ዕለት ወንድሟን ጠራችው።

«መጥተህ እይልኝ፤ ደስ ይበልህ ብዬ ነው» አለችው።

«ማክሰኞ መጥቼ እመረምረዋለሁ።»

«እይልኝ አልኩህ እንጂ መርምርልኝ አልኩህ?»

«አንቺ አንድ ሸሚዝ ለመግዛት ገልብጠሽ ስፌቱን እስክታዪ ባለሱቁን ታስለቅሺዋለሽ። ዕድሜሽን የምትጨርሺበትን ቤት ግን ፊቱን ብቻ አይተሽ ልትገዢ ነው?»

ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ። «ጀመረ! ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ግድግዳው መስታወት ነው።»

«ያየኸው ቀለም ነው።»

«አንቺ፣ ወንድምሽን አንድ በይልኝ። የራሱ ቤት የሌለው ሰው የሰው ቤት ሲያይ ዓይኑ ደም ይለብሳል።»

አፍራሹ ጥርሱን ነከሰ። እውነት ነው፤ የስንቱን ቤት አልብሶ የራሱ አንድ ክፍል የለውም። እህቱም ባሏን አልገሠጸችለትም። ይህ ከስድቡ በላይ አንገበገበው።

«ማክሰኞ ና እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ቤት ብታፈርስብኝ ዓይንህን አላይም።»

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የቆመው ደላላ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «በቃ፣ መጣልን! አንተ እኮ ዛፍ ብሸጥ እንኳ ቅርንጫፉ ዘመመ ትላለህ!»

«ከዘመመ እላለሁ።»

ሻጩ ኮስታራ ሰው ነው፤ ሰላምታውን አልመለሰለትም። «ማየት ትችላለህ። አንዲት ምስማር ብትነካ ግን ፖሊስ ነው የምጠራው።»

አፍራሹ ሥራውን ጀመረ፤ ሻጩ፣ ደላላው፣ እህቱና ባሏ አራቱም በሄደበት ሁሉ እግር በእግር ተከተሉት። ኮርኒሱ ደህና ሆነ። የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑም ንጹሕ ነው። ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አላገኘም፤ ለራሱም ገርሞት በልቡ ደስ ማለት ጀምሮ ነበር። የእህቱ ፊትም ትንሽ ፈታ አለ። ባሏ «ምነው አፍህ ተዘጋ?» እያለ በነገር ይወጋዋል።

ከዚያ የኋለኛው መኝታ ቤት ደረሱ።

በሩ ላይ ቆመ። የበሩ የላይኛው ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ተልጓል። መቃኑ ሲጣመም በሩ አልዘጋ ይላል፤ ያኔ በሩን ይልጉታል። ቱንቢውን በጥጉ በኩል ሲያወርድ ግድግዳው በአውራ ጣት ያህል ወደ ውጭ አዘንብሏል። ሦስቱ ግድግዳዎች ቀለማቸው ደብዝዟል፤ አራተኛው ከትናንት ወዲያ የተቀባ ይመስላል። ከአራተኛው ጋር ትልቅ ቁም ሳጥን ተጣብቋል።

«ይሄ ይነሳልኝ።»

«አይነሳም» አለ ሻጩ። «ከግድግዳው ጋር ተቸንክሯል።»

«ቁም ሳጥን ምን በድሎ ይቸነከራል?»

«ሰውዬ፣ የምታየውን እይና ውጣ!»

አፍራሹ ከቁም ሳጥኑ ጎን ያለውን ግድግዳ በጣቱ አጥንት ቆረቆረው፤ ባዶ በርሜል እንደሚሰጠው ዓይነት ድምፅ ሰጠው። ባትሪውን አብርቶ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ በጎን ያዘው። ለሳኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ፊት ለፊት ያልታየው የእጅ አካሄድ በጎን ብርሃን ይወጣል። በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ ማለስለሻው የሄደው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። እዚህ ተገላብጧል። ይህን ግድግዳ የለሰነው በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ነው።

አፍራሹ ባትሪውን የያዘውን ግራ እጁን አየና ክው አለ።

ወጥቶ በጓሮ ዞረ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳው ወርዶ የሚፈሰው ልክ በዚያ ጥግ ሥር ነው። አፈሩ ሰርጉዷል። ከፊት ለፊቱ ያለው አጥር ላይ በብሎኬት የተደፈነ የድሮ በር ይታያል። ያ በር አስታወሰው። ያኔ መግቢያው በዚህ በኩል ነበር፤ ዙሪያው ደግሞ ባዶ ሜዳ። ለዚህ ነው ዛሬ በፊት በር ሲገባ ቤቱን ያላወቀው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የነበረው ባለቤት «እስክሸጠው ድረስ ብቻ ይያዝልኝ» ብሎት ነበር። ስንጥቁን በብረት መረብ እናስረው ሲለው ሰውየው ለገንዘቡ ሳስቶ ከዶሮ ቤት የተረፈ ሽቦ አቀበለው። እሱም በዚያው ሽቦ አስሮ፣ በሁለት ቀን አሳምሮ ለስኖ፣ «ማንም አያውቀውም» ብሎ በእጁ ሥራ እየኮራ ሄደ።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። «ይሄን ቤት አትግዢ» አላት እህቱን። «የዚህ ጥግ መሠረት እየሰመጠ ነው። ከልስኑ ሥር ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ።»

«አሳየና!» አለ ባሏ።

«ይከፈትልኝ።»

«አይከፈትም!» አለ ሻጩ።

ደላላው ከብብቱ ወረቀት መዘዘ። «እንግዲህ ይሄ ሰው ሳያየው በሕልሙ ነው የሚናገረው። ሐሙስ ድረስ ምን አስጠበቀን? ሌላ ገዢ አለኝ፤ ዛሬውኑ እንጨርስ።»

ባሏ እስክሪብቶውን ተቀበለ። እህቱ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። «ማስረጃ አለህ? ወይስ እንደ ልማድህ ነው?»

ማስረጃ አለው፤ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ራሱ ነው። ቢናገር ደላላው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬውን ከተማውን ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ዳስስልን ብሎ የሚጠራው አይኖርም። ዝም ቢል እህቱ ማሽኗን እዚያ መስኮት ሥር ታቆማለች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል አፉን ከፈተ።

«ሥሩ የዶሮ ሽቦ አለው።»

«ምን አልክ?» አለ ሻጩ።

«ከመስኮቱ ጥግ ይነሳና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አድርጎ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። የዶሮ ሽቦ ነው። እኔ ነኝ ያሰርኩት። እኔ ነኝ የለሰንኩት። ያኔም እየሰመጠ ነበር፤ አውቃለሁ።»

የሻጩ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ።

«አንተ ነህ?» አለ። «ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆቼን በዚህ ግድግዳ ሥር ሳስተኛ የኖርኩት በአንተ ምክንያት ነው?» ምስማር አታስነካብኝ ያለው ሰው መዶሻውን ከአፍራሹ ቦርሳ ራሱ መንትፎ ግድግዳውን ነረተው። ልስኑ በቅርፊት በቅርፊቱ ተገሸለጠ። የዛገ የዶሮ ሽቦ ብቅ አለ። ሻጩ ሽቦውን በእጁ ጎትቶ ሲገነጥለው ከኋላው ጥቁር ስንጥቅ አፉን ከፍቶ ታየ።

እህቱ ቀርባ እጇን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደች። አራት ጣቶቿ እስከ መጨረሻው ሰመጡ።

«ትንሽ ሲሚንቶ ጠቅ ቢደረግበት እኮ...» አለ ደላላው።

«ዝም በል!» አሉት ሁሉም በአንድ አፍ። በዚያ ቀን የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«እኔንም ሸውደውኝ ነው የገዛሁት!» እያለ ሻጩ አፍራሹ ላይ ጮኸበት። «አንድ ሰው ጠርቼ ባስመረምረው ኖሮ!»

«እና እኛን ልትሸውድ ቁም ሳጥን ቸነከርክ» አለችው እህቱ። «የእኛ ልጆች ይተኙበት ብለህ።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። አፍራሹ ምስጋና አልጠበቀም፤ ግን ያን ያህል ክፉ ዓይንም አልጠበቀም። «አንተ ደግሞ ለእኔ ሲሆን ነው የታየህ? የሰው እህት ብትሆን ታስፈርማት ነበር፣ አይደል?»

ባሏ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደደና ደላላው እጅ ላይ ወረወረው።

ወሬው እንደተፈራው ሆነ። «አፍራሹ ራሱ ሸፋኝ ነበር» ተባለ። ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ሰረዙበት፤ አንዱ በስልክ ሰድቦት ዘጋው። እህቱ ሳምንት ሙሉ አልደወለችም። በስምንተኛው ቀን የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ ቤቱ መጣችና ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«የሸፈንካቸው ቤቶች።»

«እህቴ፣ ያኔ እኮ የታዘዝኩትን...»

«ስንት?»

ጣቱን ቆጠረ። «አሥራ አራት።»

«ከመጀመሪያው ጀምር። መንገዱን፣ የበሩን ቀለም፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ጀምራ!»

እሷ ጻፈች፣ እሱ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ባሏ ታክሲውን ያስነሳና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አፍራሹን በየበሩ ያወርደዋል። አፍራሹ ያንኳኳል፤ «ከዓመታት በፊት ግድግዳችሁ ውስጥ ስንጥቅ ሸፍኜ ሄጃለሁ፤ መሐንዲስ አምጡና አስከፍቱ፣ ሳታስመረምሩም እንዳትሸጡ» ይላል። አንዱ በሩን አፍንጫው ላይ ዘጋበት። አንዷ ውሻ ለቀቀችበት። አንዱ ደግሞ ሰምቶ ሰምቶ አንገቱን አነቀው፤ በገላጋይ ነው የተለያዩት። ስድስቱን ጨርሰዋል።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ቀሚሴን ልለካ ሄጄ ከልብስ ሰፊዋ አፍ ነው። አሁንም ተናዳለች፤ ወገቤን ስትለካ ሜትሩን እንዴት አድርጋ እንዳጠበቀችው! ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበርና ሰባተኛውን አየሁት፦ ዳቦ መጋገሪያው ፊት ለፊት ያለው ባለ ፎቁ ቤት፣ ክብ በረንዳ፣ አረንጓዴ በር፣ የደረጃው ግድግዳ። ክብ በረንዳ! አረንጓዴ በር! አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ በረንዳው፣ በረንዳው ስትለኝ የሰነበተችው እኮ ነው! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትፈርም ነው፤ ስልኳን ደግሞ አታነሳም። ጫማዬ የታለ? በሉ ደህና ሁኑ፣ እስክሪብቶ ሳትጨብጥ ልድረስባት!